ማሽኑን ከመቀየራችሁ በፊት ቱቦውን እዩ

(የቤት አየር ቱቦን ስለማወቅና ስለማሻሻል ለቤት ባለቤቶች ስብሰባ የተደረገ ንግግር፤ በጥቂት ማስተካከያ እንደተነገረው ቀርቧል።)

ክቡራትና ክቡራን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! የእረፍት ሰዓታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹንም እንዲሁ። ንግግሩ ስለ ቀለም ወይም ስለ ወለል ቢሆን ኖሮ አዳራሹ መሙላቱ አይገርመኝም ነበር። ስለ አየር ቱቦ ይህን ያህል ሰው መምጣቱ ግን በጣም ደስ ብሎኛል።

በጥያቄ ልጀምር። ቤታችሁ ውስጥ አንድ እምቢ ያለ ክፍል ያላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ሌላው ቤት ሞቆ እሱ ብቻ የሚበርድ። ሌላው ቤት ቀዝቅዞ እሱ ብቻ የሚያፍን። እሺ፣ ብዙ ነው። ዛሬ ተወልውሎ ነገ አቧራ የሚለብስ ቤትስ? ይኸውላችሁ። አሁን የመጨረሻው ጥያቄ። ከኮርኒስ በላይ ወጥቶ፣ ወይም ምድር ቤት ወርዶ፣ የቤቱን የአየር ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ያየ ማነው?

አያችሁ? እጆቹ ሁሉ ወረዱ።

የምናገረው አንድ ማሽን አየሩን አሙቆ ወይም አቀዝቅዞ፣ በማራገቢያ እየገፋ፣ በቱቦ ለየክፍሉ ስለሚያዳርስበት ቤት ነው። ማሽኑን እናውቀዋለን። ድምፁን እንሰማለን፣ ሂሳቡን እንከፍላለን፣ ሲደክም ባለሙያ እንጠራለን። ቱቦው ግን ተደብቋል። ስለዚህ ቤቱ በተበላሸ ቁጥር ጥፋቱን ማሽኑ ላይ እንለጥፋለን። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ጤነኛ ማሽን ተነቅሎ ሲጣል፣ ትልቅ ማሽን በቦታው ሲተከል፣ ያው ክፍል ግን እንደበፊቱ ሲያፍን ደጋግሜ አይቻለሁ። ልመናዬ አንድ ነው። ማሽኑን ከመቀየራችሁ በፊት ቱቦውን እዩ። ደግሜ እላለሁ፤ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ቱቦውን እዩ!

መጀመሪያ አሠራሩን እንግባባ። የቤት አየር ዙር ነው። ማራገቢያው አየርን ከቤቱ ይስባል፣ በማጣሪያ ያሳልፋል፣ ያሞቀዋል ወይም ያቀዘቅዘዋል፣ ከዚያ ወደ ክፍሎቹ ይልካል። የተላከው ተመልሶ ይመጣል። ሁለት ዓይነት ቱቦ አለ ማለት ነው፤ መላኪያና መመለሻ። ብዙ ሰው መላኪያውን ብቻ ነው የሚያስበው፤ አየር ከላይ የሚነፋበትን መውጫ። መመለሻው ትልቁ ወንፊት ነው፣ ብዙ ጊዜ ኮሪደር ላይ ወይም ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው። ሶፋ የምታስጠጉበት እሱ ነው። እባካችሁ ሶፋውን አንሡት።

ይህ ዙር ምን ያህል አየር እንደሚያንቀሳቅስ ታውቃላችሁ? ለመካከለኛ ቤት የሚሆን ማቀዝቀዣ በደቂቃ ወደ 34 ሜትር ኩብ አየር ይነዳል። አየር ደግሞ ክብደት አለው። በባሕር ጠለል ከፍታ 1 ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሲባዛ በደቂቃ 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በየደቂቃው! ይህን ሁሉ የሚገፋው ግፊት ግን በጣም ትንሽ ነው። ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች የተሠሩት 125 ፓስካል (ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ተቋቁመው እንዲሠሩ ነው። ይህ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ውሃ ከሥሩ የሚያሳድረው ጫና ማለት ነው። ያቺን ትንሽ ግፊት ጠባብ ማጣሪያ ይበላታል፣ የተጠማዘዘ ቱቦ ይበላታል፣ የተዘጋ በር ይበላታል። ለዚህ ነው እዚህ ግባ የማይባል የሚመስል ነገር አንድ ክፍል የሚያበላሸው።

እንግዲህ ወደ ነጥቦቼ ልግባ። የመጀመሪያው ነጥቤ ማፍሰስ ነው።

ኢነርጂ ስታር የተባለው የአሜሪካ የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም እንደሚለው፣ በተለመደ ቤት በቱቦ ከሚሄደው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በቀዳዳ፣ በስንጥቅና በደንብ ባልተገጠመ መገጣጠሚያ ይባክናል። እስቲ አስቡት። የውሃ ቧንቧችሁ ሩቡን ውሃ ኮርኒስ ላይ ቢያፈስ ዛሬውኑ ባለሙያ ትጠራላችሁ፤ እድፉ ይታያል፣ ጠብታው ይሰማል። የአየሩ እድፍ የለውም። ዓመት እስከ ዓመት ይፈሳል፣ እናንተም ትከፍላላችሁ።

አንድ ጊዜ አንድ አባወራ ጠራኝ። «ማሽኑን ቀየርኩት፤ ከበፊቱ ይበልጣል። የልጆቹ ክፍል ግን ያው ነው» አለኝ። ክፍሉ ከማሽኑ የራቀው፣ የመጨረሻው ነው። መውጫው ላይ እጄን ዘረጋሁ። አየሩ እንደሚያንቀላፋ ሰው ትንፋሽ ነው። ማሽኑን አልነካሁም። ባትሪ ይዤ ኮርኒስ ላይ ወጣሁ። ኮርኒስ ላይ በበጋ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ቱቦውን እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ከልጆቹ ክፍል በላይ ስደርስ በድንገት በረደኝ። ቱቦው አየር ከሚያከፋፍለው የላሜራ ሳጥን ተንሸራቶ ወጥቷል። በመሀላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ዙሪያውን ያለውን የፋይበር ግላስ ንጣፍ አየሩ ገፍቶ ገፍቶ ባዶ ሜዳ አድርጎታል። በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚቀዘቅዘው ቦታ ማንም የማይኖርበት ቦታ ነበር። ቱቦውን ወደ ቦታው መለስኩ፣ በማሰሪያ አጠበቅኩ፣ መገጣጠሚያውን ደፈንኩ። ያ አባወራ ለአዲስ ማሽን ያወጣውን ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ይህ በመላኪያው በኩል ነው። በመመለሻው በኩል ያለ ቀዳዳ ግን የባሰ ነው። ለምን? መላኪያው ይገፋል፣ መመለሻው ይስባል። መመለሻ ላይ ያለ ቀዳዳ ከኮርኒስ አቧራ፣ ከምድር ቤት ሻጋታ፣ ከጋራዥ ጭስ ይስባል፤ ከዚያ ለመላው ቤተሰብ ያከፋፍላል። አንድ ቤት ውስጥ ማሽኑ ሲነሳ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። ቤተሰቡ ሽታውን ለምዶታል። መመለሻው ቱቦ በጋራዡ ግድግዳ ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ጋር የላሜራው ስፌት ተከፍቷል። መኪናው አጠገቡ ይቆማል። ልጆቹ ሌሊቱን ምን እየተነፈሱ እንደነበር አስቡት! ከቱቦዎቻችሁ መካከል በጋራዥ የሚያልፍ ካለ፣ ከሁሉ በፊት እሱን አስፈትሹ።

እንዴት ነው የሚገኘው? ማራገቢያውን ብቻ አስነሡ። ቀጭን የሶፍት ወረቀት ቁራጭ ወይም የእጣን ጭስ ወደ መገጣጠሚያዎቹ አስጠጉ። መላኪያው ላይ ወረቀቱ ይገፋል፣ መመለሻው ላይ ይሳባል። በቱቦው ላይ በተጠቀለለው ፋይበር ግላስ ላይ ጥቁር መስመር ካያችሁ ደግሞ አየር እዚያ ጋር ለረጅም ጊዜ እያለፈ አቧራውን ጥሏል ማለት ነው። ከማሽኑ ጀምሩ። ግፊቱ ከፍ የሚለው ማሽኑ አጠገብ ስለሆነ፣ እዚያ ያለ የጣት ቀዳዳ ጫፍ ላይ ካለው ተመሳሳይ ቀዳዳ የበለጠ ያባክናል። በርቀት ያለውን ስንጥቅ ለመድፈን ስትሯሯጡ ማሽኑ ሥር ያለውን ትልቁን እንዳትረሱ።

በምን ይደፈን? እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም እንበል። ሁላችሁም የምታውቁት ግራጫ የጨርቅ ፕላስተር አለ። በአሜሪካ ስሙ ራሱ የቱቦ ፕላስተር ነው። በ1998 ማክስ ሸርማን እና ኢየን ዎከር የተባሉ የአሜሪካው ሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች የቱቦ መድፈኛዎችን ሙቅና ቀዝቃዛ አየር እያፈራረቁ ፈተኑ። ሌሎቹ ጸንተው ያዙ። የጨርቅ ፕላስተሩ ሙጫው እየደረቀ ለቀቀ። እኔም ኮርኒስ ላይ ስወጣ የማየው ይህንኑ ነው፤ ደርቆ፣ ተኮራምቶ፣ አንድ ጫፉ ተንጠልጥሎ። ስለዚህ ለሌላ ሥራ ተጠቀሙበት፣ ለቱቦ ግን አይሆንም።

የሚሆነው ማስቲክ ነው። እንደ ወፍራም ቀለም በብሩሽ ወይም በጓንት የሚቀባ መድፈኛ ነው። ሲደርቅ አይሰነጠቅም፣ ከላሜራው ጋር ይላወሳል። ክፍተቱ ሰፋ ካለ መጀመሪያ የፋይበር ግላስ መረብ አድርጉበት፣ ከላዩ ቀቡ። አወቃቀሩ ጠንካራ መሆኑንም እዩ፤ ማስቲክ ይደፍናል እንጂ አይሸከምም። የላሜራ ቱቦ መጀመሪያ በብሎን ይታሰራል፣ ተጣጣፊው ቱቦ በማሰሪያ፣ ከዚያ ነው ቅቡ። የአሉሚኒየም ፎይል ፕላስተርም አለ፤ ለቱቦ ተብሎ የተፈተነ ከሆነና ላሜራው ከአቧራና ከዘይት ከጸዳ በደንብ ይይዛል። ግድግዳ ውስጥ ለተቀበረ፣ እጅ ለማይደርስበት ቱቦ ደግሞ ሌላ መላ አለ። ማርክ ሞዴራ የተባለ ተመራማሪ በዚያው ቤተ ሙከራ ያበጀው ዘዴ ነው። መውጫዎቹ ሁሉ ይዘጋሉ፣ በጣም ደቃቅ የመድፈኛ ብናኝ ወደ ቱቦው ይነፋል፣ አየሩ በየቀዳዳው ሊያመልጥ ሲል ብናኙ የቀዳዳው ከንፈር ላይ እየተለጠፈ ይዘጋዋል። ለትንንሽ ቀዳዳ ግሩም ነው። ተነቅሎ የወደቀ ቱቦን ግን አይመልስም፤ መጀመሪያ በእጅ መጠገን አለበት።

ሁለተኛው ነጥቤ መመለሻ ነው። ማንም የማያወራለት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላውራበት።

አየር መግቢያ ብቻ አይበቃውም። መውጫም ይፈልጋል። ክፍሉ አየሩን የሚመልስበት መንገድ ከሌለው፣ ወደ ውስጥ የምትልኩት አየር ተገፍቶ ይቀራል። ቀላል ሂሳብ ላሳያችሁ። ወደ አንድ መኝታ ቤት የሚገባ ክብ ቱቦ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ አፉ ወደ 177 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በሩ 80 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ከሥሩ 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖረው መውጫው 80 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ከግማሽ በታች! ወለሉ ላይ ምንጣፍ ካለ እሱም የለም። በሩ ሲዘጋ ክፍሉ በአየር ይወጠራል፣ ተጨማሪ አየር አልቀበልም ይላል። ሳሎኑ ደግሞ በተቃራኒው አየር ይራባል።

አንዲት እናት ነበሩ። መኝታ ቤታቸው ሌሊት ያፍናቸዋል፣ ቀን ደህና ነው። «ልጄ፣ እኔ በር ዘግቼ ካልተኛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉኝ። «እትዬ፣ እስቲ አሁን እንዝጋው» አልኳቸው። ማራገቢያው እየሠራ በሩን ዘጋን። ከዚያ መያዣውን አዙሬ ለቀቅኩት። በሩ ማንም ሳይነካው ተንቀሳቀሰ። ሶፍቱን ክፍተቱ ላይ ያዝኩ፤ ወረቀቱ ወደ ኮሪደሩ ተዘርግቶ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ወረቀቱን አይተው «ውይ፣ ታፍኖ ነው እንዴ የሚያድረው!» አሉ። ልክ ነበሩ። ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ በሁለቱም ወገን ወንፊት አደረግን። በሩ ተዘግቶ አየሩ በዚያ ያልፋል። ከእንግዲህ በር ዘግተው ይተኛሉ።

መፍትሔው እንግዲህ ይኸው ነው። ወይ ግድግዳው ላይ ወንፊት፣ ወይ በኮርኒስ በኩል ከክፍሉ ወደ ኮሪደር የሚሻገር አጭር ቱቦ፣ ወይ ለክፍሉ የራሱ መመለሻ። የግድግዳው ወንፊት ድምፅ ያስተላልፋል። ይህ ለሚያስቸግረው ሰው በኮርኒስ የሚሻገረው ይሻላል። ባለሙያዎች በተዘጋ ክፍልና በኮሪደር መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከ3 ፓስካል እንዳያልፍ ይፈልጋሉ። ይህ በመሣሪያ በአንድ ደቂቃ ይለካል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ እባካችሁ በጥሞና ስሙኝ። ሳሎኑ አየር ሲራብ ከየትም ይስባል። በቤቱ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ፣ ጭሱን በራሱ ሙቀት በጭስ ማውጫ የሚያወጣ የውሃ ማሞቂያ ካለ፣ ጥቂት ፓስካል ብቻ ያንን ጭስ ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። አይታይም፣ አይሸትም። ይገድላል። ስለዚህ እሳት ያለበት ማንኛውም ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑረው፤ በተለይ መኝታ ቤቶቹ አጠገብ። በቱቦው ላይ ሥራ ከተሠራ በኋላም ጭሱ በትክክል እየወጣ መሆኑን ባለሙያው በዓይናችሁ ፊት ያረጋግጥላችሁ። ይህን ሳያደርግ አትሸኙት።

ሦስተኛው ነጥቤ የቱቦው ቅርጽ ነው። ተጣጣፊ ቱቦ ታውቃላችሁ፣ ውስጡ የሽቦ ቀለበት ያለው፣ ውጪው የብር ቀለም ያለው። ርካሽ ነው፣ በየትም ይታጠፋል። ችግሩም እሱ ነው፤ በየትም ይታጠፋል። ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ትርፍ ቱቦ ሲያዩ ይቆጡ ነበር። «ጎትተው! እስኪወጠር ጎትተው፣ የተረፈውን ቁረጠው!» ይሉኛል። ያኔ ማባከን ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን እዚያው ሎረንስ በርክሌይ የተደረገውን ልኬት አየሁ። ተጣጣፊ ቱቦ መጠነኛ ያህል ሲጨማደድ አየሩ የሚያጣው ግፊት እስከ አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። አራት እጥፍ! ያው ቱቦ፣ ያው ስፋት፣ ስላልተጎተተ ብቻ። ስለዚህ ኮርኒስ ላይ ስትወጡ እዩ። ቱቦው ተወጥሯል ወይስ ተኝቷል? በየ1.2 ወይም 1.5 ሜትር ደጋፊ አለው? ደጋፊው ቀጭን ሽቦ ሆኖ አንቆታል ወይስ ሰፊ ጨርቅ ነው? መታጠፊያው ላይ ተሰብሯል? ዕቃ ተጭኖበታል? ብዙ ቤት ውስጥ የምናገኘው በሽታ ሻንጣ ነው። ኮርኒስ ላይ የተቀመጠ የአሮጌ ልብስ ሻንጣ፣ ቱቦው ላይ ተኝቶ።

ስፋትም ይቆጠራል። ከ15 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ብትሻገሩ አፉ 78 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የሚያሳልፈው አየር ደግሞ በተመሳሳይ ግፊት ከዚያም በላይ። ግን በግምት የሚደረግ ነገር አይደለም። የየክፍሉ ፍላጎት ተሰልቶ ነው ስፋቱ የሚወጣው። «ይሄ ይበቃል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስሌቱን ጠይቁት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ፤ ሁልጊዜ ስለምጠየቀው። «የማንጠቀምበትን ክፍል መውጫ ብንዘጋ ሂሳብ አይቀንስም ወይ?» አይቀንስም። ማራገቢያው ክፍል መዘጋቱን አያውቅም። ያንኑ ያህል አየር ለመግፋት ይታገላል። በቱቦው ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፣ ቀዳዳዎቹ የበለጠ ያፈሳሉ፣ ማቀዝቀዣው በቂ አየር ካጣ ውስጡ በረዶ ሊሠራ ይችላል። መውጫዎቹን ክፈቷቸው።

ማጣሪያስ? አጭር ነው። ማጣሪያ በሜርቭ ቁጥር ይለካል፣ ከ1 እስከ 16። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደቃቁን ይይዛል፤ ሜርቭ 13 ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ከሚሆነው ብናኝ ቢያንስ ግማሹን ይይዛል። ለአስም ታማሚ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቀጭን፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ከፍተኛ ማጣሪያ አየሩን ሊያንቀው ይችላል። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ብዙ እጥፋት ያለው ቢሆን ሰፊ ገጽ ስላለው ሁለቱንም ያስታርቃል። ማጣሪያው ከክፈፉ ጋር ካልገጠመ ደግሞ አየሩ በዳር በዳር ያልፋል፣ ያለ ማጣሪያ እንደመኖር ነው። በየወሩ አይታችሁ፣ ቢዘገይ በሦስት ወር ቀይሩ። እንስሳ ወይም ግንባታ ያለበት ቤት ቶሎ ይቆሽሻል።

ሽፋንንም በአጭሩ። ቱቦው ማሽኑ በማያሞቀው ወይም በማያቀዘቅዘው ቦታ የሚያልፍ ከሆነ መልበስ አለበት። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ቁጠባ ኮድ የሚባለው የግንባታ ደንብ ኮርኒስ ላይ ለሚያልፍ ቱቦ ሙቀት የመከላከል አቅሙ አር 8 የሆነ ሽፋን ይጠይቃል፤ በጣም ቀጭን ለሆኑት ያነሰ። ቀድሞ መድፈን፣ ከዚያ መሸፈን ነው ቅደም ተከተሉ። ሽፋኑ ከተጠቀለለ በኋላ ቀዳዳውን የሚያገኝ የለም። በእርጥብ አየር አገር ደግሞ የሽፋኑ የውጪ ፕላስቲክ እንዳይቀደድ ተጠንቀቁ። የተቀደደው ጋ እርጥበቱ ገብቶ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ሰው ጣሪያው ያፈሰሰ ይመስለዋል።

አሁን ደግሞ ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ቱቦ ማጽዳት። «ቱቦዎ ካልጸዳ ቤተሰብዎ ይታመማል» እያሉ የሚያስፈራሩ አሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያለው ግልጽ ነው፤ ቱቦ ማጽዳት የጤና ችግርን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። በየጊዜው ልማድ አድርጋችሁ እንድታጸዱም አይመክርም። መቼ ይጸዳ? በዓይን የሚታይ ሻጋታ ሲኖር፣ አይጥ ወይም ነፍሳት ሲሰፍሩበት፣ ወይም በቆሻሻ ተደፍኖ ብናኙን ወደ ክፍሉ ሲተፋ። ያኔም ቢሆን ምክንያቱ ካልተነካ ዋጋ የለውም። ሻጋታው ከውሃ ነው የመጣው፤ ውሃው ከየት መጣ? አይጡ በየት ገባ? የረጠበና የሻገተ ፋይበር ግላስ ሽፋን ደግሞ አይጸዳም፣ ይቀየራል። በፍርሃት የሚሸጥላችሁን ሰው «ሻጋታውን አሳየኝ» በሉት። ማሳየት ካልቻለ በሩን አሳዩት።

ስለ ሌሎቹ ቱቦዎች ሁለት ቃል። የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ እንፋሎቱን ወደ ውጭ ማውጣት አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ቱቦው ኮርኒስ ላይ ያልቃል፤ እንፋሎቱ እንጨቱን ያበሰብሳል። የልብስ ማድረቂያ ቱቦ ከላስቲክ አይሁን፤ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ብረት ይሁን። የጨርቁ ብናኝ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ የማድረቂያ ቃጠሎ ዋና መንስኤም አለማጽዳት ነው። ይህን ቱቦ ግን አጽዱ! ማጽዳትን የምቃወም ሰው እንዳልሆንኩ በዚህ እወቁልኝ።

ቤታችሁ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ይህን ሳልናገር አልወርድም። እስከ 1970ዎቹ ድረስ በተሠሩ ቤቶች የቱቦ መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ፣ ወረቀት የሚመስል መጠቅለያ ብታዩ አትንኩት። አትላጡት፣ አትጥረጉት። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ሳይነካ ሲቀመጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሲቀደድ ግን ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ናሙና ወስዶ የሚያስመረምር፣ ለዚሁ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥሩ።

አዲስ ቤት የምትሠሩም እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ ቅናቴ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ እያለ የሚስተካከል ነገር ነው። የቤቱን ንድፍ ለሚሠራው ገና በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ «ቱቦው ማሽኑ በሚያሞቀውና በሚያቀዘቅዘው የቤቱ ክፍል ውስጥ ይለፍ።» ኮሪደሩ ላይ ኮርኒሱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ያኔ ቢያፈስ እንኳ ወደ ቤታችሁ ነው የሚያፈሰው። ማሽኑንም መሀል አካባቢ አስቀምጡት፤ ቱቦዎቹ ያጥራሉ።

ሥራው ሲያልቅም ሙከራውን ጠይቁ። መውጫዎቹ ሁሉ ይዘጋሉ፣ በመለኪያ ማራገቢያ ቱቦው ውስጥ 25 ፓስካል ግፊት ይፈጠራል፣ ያንን ግፊት ለማቆየት ምን ያህል አየር እንደሚያስፈልግ ይነበባል። ያ ቁጥር ማፍሰሱ ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ኮድ በአብዛኛው ለእያንዳንዱ 9.3 ካሬ ሜትር ወለል በደቂቃ ከ113 ሊትር እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ለጥገናም ቢሆን ከመጀመሩ በፊት አንድ፣ ካለቀ በኋላ አንድ፣ ሁለቱም ቁጥሮች በጽሑፍ ይሰጧችሁ። ግድግዳው ከመዘጋቱ፣ ሽፋኑም ከመጠቅለሉ በፊት ደግሞ ስልካችሁን አውጡና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ፎቶ አንሡ። ማስቲኩ ዙሪያውን መዞሩን አጉልታችሁ እዩ። ከሥር በኩል፣ እጅ በማይመችበት ቦታ ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።